የኩምሳን ግቢ ሳታዪ ላንጋኖን?

ስልክሽን ወዲህ ዞር አድርጊው እስቲ። አልቀማሽም፤ አብሬሽ ልይ ብዬ ነው። ይሄም ላንጋኖ ነው? ልጅቷ አሸዋው ላይ ቁጭ ብላ ፀጉሯን ታበጥራለች፣ ከኋላ ሙዚቃ አለ፣ አለቀ። ቅድም ቢሾፍቱ ነበር፣ ትናንት ማታ ደግሞ ሐዋሳ። አንቺም በረንዳው ላይ ተኮራምተሽ "እኛማ ምን አለን፣ መንገዱም ተዘጋ" እያልሽ ከንፈርሽን ትመጫለሽ። እኔ እዚህ ቡና እየቆላሁ ሰምቼ ሰምቼ አላስችለኝ አለ።

መንገድ መዘጋቱ ምንም አይደለም አልልሽም፣ ሚጡ። ከነቀምቴ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደህና ጊዜ ሲሆን ንጋት 12 ሰዓት ከመናኸሪያ የተነሳ ሰው በባኮ፣ በጌዶ፣ በአምቦ አድርጎ ከሰዓት በኋላ አዲስ አበባ ገብቶ ማኪያቶ ያዛል። ጊዜው ሲከፋ ግን ሰርግ የቀረበት አለ፣ የሐኪም ቀጠሮ ያለፈበት አለ፣ ቀብር ያልደረሰ አለ። እናታችን "የትም አትሄጂም" ስትልሽ ክፋት አይምሰልሽ። እንቅልፍ የሚነሳትን ነገር ሁሉ ቁጭ ብላ ልትዘረዝርልሽ ስለማትፈልግ ነው ባጭሩ የምትቆርጠው።

የ2012ን ታስታውሺያለሽ? ገና ትንሽ ልጅ ነበርሽ። ከታኅሣሥ መጨረሻ ጀምሮ በምዕራብና በቄለም ወለጋ ስልክም ኢንተርኔትም ድርግም አለ። እዚህ ነቀምቴ ስልኩ ቢሠራም ኢንተርኔት አልነበረም፤ ቢሠራስ ማን ጋ ይደወላል? የጊምቢ ዘመድ ድምፁ ጠፍቷል። መጋቢት ሲገባደድ ተመለሰ ተብሎ "ሃሎ፣ ሃሎ" መባባል ስንጀምር፣ በዚያው ሰሞን ደግሞ በኮሮና ምክንያት በክልሉ ከከተማ ከተማ የሚያመላልሰው የሕዝብ ትራንስፖርት ታገደ። ያኔ ፈረንሳዮች እንኳ ለመናፈስ ሲወጡ ከቤታቸው 1 ኪሎ ሜትር እንዳይርቁ፣ ከ1 ሰዓትም በላይ እንዳይቆዩ ታዘው ነበር። ዓለም ሁሉ አንዴ ቀመሰው፤ እኛ ግን ከዚያም በኋላ አንዴ በዚህ አንዴ በዚያ ምክንያት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ነው የኖርነው። እንግዲህ ነገሩ ለአንድ ሰሞን ብቻ ካልሆነ፣ መንገድ እስኪከፈት ብሎ ደስታን ማሳደር የት ያደርሳል?

የእኔ ነገር ይሄ ነው። አንቺ ነቀምቴን አላየሻትም። ኖረሽባታል እንጂ አላየሻትም። ከትምህርት ቤት ቤት፣ ከቤት ገበያ፣ ከገበያ ቤተ ክርስቲያን፣ ይኸው ነው መንገድሽ። ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የተመደበ የጎንደርና የሆሳዕና ልጅ ሻንጣውን ሳይፈታ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ጠይቆ ይሄዳል። አንቺ ግቢውን ከአጥሩ ውጪ ታውቂዋለሽ። "ቅርብ ነው፣ የትም አይሄድብኝም" ትያለሽ። እውነት ነው፣ የትም አይሄድም፤ የምትሄጂው አንቺ ነሽ፤ አንድ ቀን ትዳር ወይ ሥራ ይወስድሽና እዚያ የሄድሽበት አገር ሰው "የኩምሳ ቤተ መንግሥት ምን ይመስላል?" ሲልሽ ጎግል ልታደርጊለት ነው።

ስለዚህ ምክሬ፣ ለላንጋኖ ልትሰጪው ያሰብሽውን ሁሉ ለነቀምቴ ስጪ። ሰው የሩቁን አገር የሚያጣጥመው አገሩ ስላማረ ብቻ አይደለም፤ ቀን ስለቆረጠለት፣ ገንዘብ ስላጠራቀመለት፣ ጓደኛ ስለጠራለት፣ ልብስ ስለመረጠለት ነው። ለቅርቡ ግን በነጠላ ጫማና በተረፈ ሰዓት እንወጣና "ምንም የለውም" ብለን እንመለሳለን። እስቲ ለቅዳሜ ቀን ቁረጪ። ሐሙስ ዕለት ለጓደኞችሽ ደውዪ። ያቺን አረንጓዴ ቀሚስሽን ተኩሺ። ባጃጅ በኮንትራት ያዢ፤ ግን ሳትሳፈሪ ዋጋ ተስማሚ፣ ከወረድሽ በኋላ የሚደረግ ክርክር ቀንሽን ያበላሸዋል። ግቢው ክፍት መሆኑንም ቀድመሽ አጣሪ፤ ሰው ልኮ መጠየቅ አያሳፍርም።

ከኩምሳ ግቢ ጀምሪ። ስትገቢ ወዲያው ፎቶ አትጀምሪ፤ ስልኩ ቦርሳሽ ውስጥ ይቆይ። መጀመሪያ አስጎብኚ ጠይቂና ከአፉ ስሚ። ቤቱን መሥራት የጀመረው የሌቃ ነቀምቴው ገዥ ሞሮዳ በከሬ ነው፤ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1870ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 እምባቦ ላይ፣ እዚሁ ወለጋ ጉዱሩ ውስጥ፣ ለምኒልክ የሚዋጋው የጎበና ዳጬ ጦር የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አደረገ፤ ከዚያ በኋላ ሞሮዳ ነገሩን መዘነና ከምኒልክ ጋር ሳይዋጋ ገባ። ግብር እየከፈለ የውስጥ አገዛዙን ይዞ ቀረ። ብልህ ነበር የሚል አለ፣ ሌላ የሚል አለ፤ አንቺ እዚያው ቆመሽ የራስሽን በዪ። ልጁ ኩምሳ እ.ኤ.አ. በ1889 ተተካ። ክርስትና ሲነሳ ምኒልክ የክርስትና አባቱ ሆነው ገብረ እግዚአብሔር ተባለ፤ ደጃዝማች ኩምሳ የምንለው እሱ ነው።

ታሪኩን ከሰማሽ በኋላ ወደ እንጨቱ ተጠጊ። አትንኪው፣ ግን ዓይንሽን አቅርቢ። እንዴት እንደተጠረበ፣ አንዱ ከአንዱ እንዴት እንደተጋጠመ፣ ምሰሶው ላይ ስንት ዓይነት እጅ እንዳለፈበት እዪ። በዚያ ዘመን ያን የሚያህል ግንድ ከጫካ በሰው ትከሻ ነው የሚመጣው። ከዚያ አስጎብኚው ያልጠበቀውን ጥያቄ ጠይቂ። ማድ ቤቱ የት ነበር? እንጀራውን ማን ይጋግር ነበር? ለስንት ሰው? እስረኛ የት ይታሰር ነበር? የኩምሳ ሚስቶችና እህቶች በየትኛው በር ይወጡ ይገቡ ነበር? ሰው ሁሉ ስለ ዙፋን ይጠይቃል፤ ግቢ ግን በማድ ቤቱ ነው የሚታወቀው፤ የእኛን ግቢም እዪው። እነዚህን ከጠየቅሽ አስጎብኚው ራሱ ዓይኑ ይበራል፣ ከተሸመደደው ወጥቶ ያወራሻል። ሲጨርስ ጉርሻ አትርሺለት።

ከዚያ ወደ ወለጋ ሙዚየም። እሱ ብዙ ጊዜ አይወስድብሽም፤ ስፌቱን፣ የእንጨት ዕቃውን፣ የጥንቱን ልብስ አይተሽ ትወጪያለሽ። አንድ ነገር ብቻ ላስታውስሽ፤ እዚያ መስታወት ውስጥ ካየሽው ዕቃ አንዳንዱ እናታችን ቆጥ ላይ አለ። ማታ መጥተሽ አውርጂውና ስለሱ ጠይቂያት።

አሁን ደግሞ የምወዳት ሴት ጋ ልውሰድሽ። አስቴር ጋኖን ታውቂያታለሽ? አታውቂያትም፤ በትምህርት ቤት ካነሷት እንኳ ከኦነሲሞስ ነሲብ ስም ሥር ትንሽ ተደርጋ ነው። እሷ ገና ልጅ ሳለች ባሪያ ተደርጋ ተወሰደች። በሊሙ እናሪያ ንጉሥ እጅ ወድቃ፣ በኋላም ተሸጣ ወደ ዓረብ አገር ስትሻገር እ.ኤ.አ. በ1886 የጣሊያን መርከብ ያስቆማትና ነፃ ትወጣለች። ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ በሚባለው ቦታ ስዊድናውያን ሚሲዮኖች ወዳቋቋሙት ትምህርት ቤት ተወሰደች። እዚያ ኦነሲሞስ አለ፤ እሱም ከባርነት ነፃ የወጣ የኢሉባቦር ልጅ። ሲያያት ልጅቷ ኦሮምኛ የምታውቀው ከእሱ በላይ ነው። እሱ በልጅነቱ ስለተወሰደ ቋንቋው ሳስቶበታል፤ እሷ ተረቱንም፣ እንቆቅልሹንም፣ ዘፈኑንም በአፏ ይዛ ነው የመጣችው። ቁጭ ብላ ጻፈችው፤ 500 ያህል ተረት፣ ምሳሌና ዘፈን ሰበሰበች። እ.ኤ.አ. በ1894 አብረው ያዘጋጁት የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ታተመ። የመዝገበ ቃላቱንም ሥራ ይዛ ነበር። ኦነሲሞስ መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉም የጀርባ አጥንቱ እሷ ነበረች፤ ሙሉ መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1899 ስዊዘርላንድ ውስጥ በፊደል ታተመ፤ አንቺ በምታነቢው በዚህ በግዕዝ ፊደል። ሽፋኑ ላይ የማን ስም እንዳለ መገመት አያቅትሽም።

ይህን ሁሉ የምነግርሽ ለምን መሰለሽ? እ.ኤ.አ. በ1904 ሁለቱም ወደ ወለጋ ተመለሱ። ነቀምቴ መጡ። እዚህ፣ አንቺ "ምን አለን" በምትይበት ከተማ፣ ትምህርት ቤት ከፍተው አስተማሩ። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1931 እዚሁ አረፈ። አስቴር ደግሞ እስከ እ.ኤ.አ. 1964 ድረስ ኖራለች። ይህ ማለት አሁን ሰማንያ የሞላቸው የሰፈራችን እናቶች ሊያዩዋት፣ በእጇ ፊደል ሊቆጥሩ ይችሉ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ጉብኝት ማለት ይሄ አይደለም? መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሂጂና ትልልቆቹን ጠይቂ። "አዴ፣ አስቴር ጋኖን የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን?" በያቸው። ስማቸውን አትጥሪ፣ "አዴ" በዪ፣ ለወንዶቹም "ኦቦ" በዪ፤ ጎንበስ ብለሽ በሁለት እጅሽ ጨብጪ። ቡና ካቀረቡልሽ "በቃኝ" እንዳትዪ፤ ወሬው የሚመጣው በሁለተኛው ስኒ ነው። ድምፃቸውን ልትቀጂ ከፈለግሽ አስፈቅጂ። ይህን ማንም የላንጋኖ ቪዲዮ ያለው ልጅ አያገኘውም።

ወንድ ጓደኞችሽ "የሴት ወሬ" ብለው ካፌዙ የቦነያን ንገሪያቸው። ሰኔ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያን እጅ ወድቃ ሁለት ወር ሳይሞላት፣ ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች እዚህ ነቀምቴ አቅራቢያ ቦነያ አረፉ። ወለጋን ያለ ውጊያ ሊያስገብሩ ነበር አሳባቸው። የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ልጆች ያሉበት የጥቁር አንበሳ ማኅበር ሌሊት ደረሰባቸው። አውሮፕላኖቹ ተቃጠሉ፤ ጄኔራል ቪንቼንሶ ማሊዮኮ እዚያው ተገደለ፤ ካሉት ሁሉ አንድ ቄስ ብቻ ተረፈ። የማኅበሩ መሪ የእንስሳት ሐኪም ነበር፤ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ። ቦነያ ድረስ አሁን ሂጂ አልልሽም፤ መንገዱ ሰላም ሲሆን ያኔ። ግን ታሪኩን ይዘሽ ከተማዋ ከፍታ ላይ ቆመሽ ሰማዩን ስታዪው ሌላ ሰማይ ነው።

ወደ ጫካው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ነው የምናገርሽ። ኮምቶ ከከተማዋ ሩቅ አይደለም፣ ዋዩ ቱቃ ወረዳ ውስጥ ነው። ጉሬዛ አለበት። ቡቱርሊኒ የሚሉት ጦጣም አለበት፤ በምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ካልሆነ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኝ። የውጭ አገር ተመራማሪ እሱን ለማየት ቪዛ አውጥቶ ይመጣል። አንቺ ግን ብቻሽን አትሄጂም። ከሴት ጓደኛሽ ጋር ብቻም አትሄጂም። አካባቢውን የሚያውቅ፣ ከዚያው ወረዳ የሆነ ትልቅ ሰው ይዘሽ፣ ጠዋት ወጥተሽ ለምሳ ትመለሻለሽ። ከመውጣትሽ በፊት "ዛሬ እንዴት ነው?" ብለሽ ከዚያ በኩል የመጣ ሰው ጠይቂ፤ ገበያተኞቹ ከማንም በፊት ያውቃሉ። ፊታቸውን ቅጭም ካደረጉ ተመለሺ፣ ክርክር የለም። ሰዓት እላፊ ካለ ደግሞ ከሰዓቱ በፊት ቤት መድረስ ሳይሆን፣ እናታችን ወደ በር መመላለስ ከመጀመሯ በፊት መድረስ ነው። የተከለከለበት ቦታ፣ ኬላና የፀጥታ ሰው ያለበት ቦታ ስልክ አውጥተሽ ፎቶ አታንሺ። ይሄ ቀልድ አይደለም።

ወደ ጊምቢ የሚወስደው መንገድ ክፍት በሆነ ጊዜ ደግሞ ዲጋ ድረስ ብቻ ውረጂ። ከዚያ መንገዱ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ቁልቁል ሲወርድ የነቀምቴው ብርድ እንዴት ከላይሽ ላይ እንደሚገፈፍ ታዪዋለሽ። ሹራብሽን ታወልቂያለሽ፣ ማንጎ ዛፍ በግራም በቀኝም ይቀበልሻል። በሚያዝያና በግንቦት ከሄድሽ በቅርጫት ነው የምትገዢው። ቅጠሉ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ካየሽ ገበሬውን ጠይቂው፤ የማንጎ ተባይ ነው፤ በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ2010 እዚሁ ጉቶ ጊዳ ወረዳ አንድ እርሻ ላይ ነው። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን የሚጎበኝ ሰው የሚያምረውን ብቻ አያይም። ገበሬው ስንት ዛፍ እንደቆረጠ፣ ምን እንደረጨ ሲነግርሽ፣ ያንን ማንጎ ስትበይው "ውድ ነው" ማለት ይቀርልሻል።

ክረምቱስ? አትበይ። ወለጋ ክረምቱን ፈርቶ ቤት የተቀመጠ ሰው የዓመቱ ግማሽ አለፈው። እኛ ጋ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፣ ዝናብማ ዋናው ዕይታችን ነው። ቦት ጫማ አድርጊ፣ ጃንጥላ ያዢ፣ ጠዋት ውጪ፤ ብዙውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚያባርርሽ። ካባረረሽም በአቅራቢያ ያለ ቡና ቤት ግቢ። ለመሆኑ ያ ጀበና ውስጥ ያለው ቡና በዓለም ገበያ የራሱ ስም እንዳለው ታውቂያለሽ? ለቀምት ይባላል፤ ጃፓንና ጀርመን ያለ ነጋዴ ከጅማውና ከሲዳማው ለይቶ በስሙ ነው የሚጠራው። አንቺ ግን "ቡና ስጪን" ብለሽ ጠጥተሽ ትነሻለሽ። የቆላችውን ሴትዮ ከየት እንደገዛችው ጠይቂያት፤ የጊምቢ ነው? የሐሩ ነው? የራሷ ጓሮ ነው? በቅቤ የተጠበሰውን ቡና ቀላም ካገኘሽ ቅመሺ፤ ፍሬው ከነገለባው ጥርስ ሥር ሲሰበር የሚሰማሽ ነገር በስኒ አይገኝም።

አንጮቴንም ለእንግዳ ብቻ የምናቀርበው ማን አዘዘን? መስከረም ሲጠባ፣ ለመስቀል፣ ከመሬት ሲወጣ ገበያ ውረጂ። ሻጭዋ ከፊቷ በክምር በክምር አድርጋዋለች፣ አፈሩ ገና ከላዩ አልረገፈም። ትልቁን አትምረጪ፣ ጠንከር ያለውን መካከለኛውን አንሺ፣ ጥፍርሽን ጫን አድርጊበት፤ ለስላሳ ከሆነ ተዪው። ቤት ስታመጪው ከነልጣጩ ነው የሚቀቀለው። እናታችን ሺህ ጊዜ ነግራሻለች፤ ቀድመሽ ከላጥሽው ይጠነክራል፣ ይመራል። በደንብ ይብሰል፤ ሹካ ሲገባበት ሳይታገል መውጣት አለበት። ከዚያ ትኩሱን እየነፋሽ ላጪው፣ ጣትሽ ይቃጠላል፣ ምንም አይደለም። ከፈለግሽ ቁረጪው፣ ከፈለግሽ ደቁሺው፤ የተነጠረ ቅቤ ከኮረሪማ ጋር አፍስሺበት፣ ቆጭቆጫ ከጎኑ። ወጌሻ ቤት ሄዶ አጥንቱን የታሸ ሰው ቤቱ ሲመለስ የሚሰጠው ይሄ ነው፤ ካልሲየም አለው የሚለውን በኋላ ሳይንስ መጥቶ ደገመው እንጂ አያቶቻችን ቀድመው ያውቁት ነበር። ጓደኞችሽን ሰብስበሽ ይህን ብትሠሪላቸው፣ ጩምቦም ጨምረሽ፣ ሆቴል ገብተሽ ክለብ ሳንድዊች ከምታዢ ይበልጣል። ክለብ ሳንድዊች የትም አለ።

አንድ ሌላ ነገር። ሁሉንም በአንድ ቅዳሜ ልጨርስ እንዳትዪ። እንደ ትምህርት ቤት ጉዞ ከአንዱ ወደ አንዱ የሮጠ ሰው ማታ የሚያወራው ስለ እግሩ ሕመም ነው። አንድ ቀን ለኩምሳ ግቢ፣ ሌላ ጊዜ ለአስቴር። ወለጋ ስታዲየም ጨዋታ ካለም ሂጂ፤ ኳስ ባትወጂም ከጎንሽ የተቀመጡት ሽማግሌ ዳኛውን ሲሳደቡ መስማት ለብቻው ትኬቱን ያወጣል። ደግሞ ጊዜ ሲኖርሽ ዝም ብለሽ በእግርሽ የማታውቂው ሰፈር ግቢ። ቡርቃ ጃቶ ያደገ ሰው በኬ ጀማን በደንብ አያውቅም፤ ነቀምቴ ትንሽ ትመስላለች እንጂ ዳገቷና ቁልቁለቷ ብዙ ሰፈር ደብቋል።

ያየሽውን ደግሞ ለብቻሽ አትያዢው። ሻምቡ ያለው የአጎታችን ልጅ፣ ደምቢ ዶሎ ያለችው ጓደኛሽ፣ ጊምቢ ያለችው አክስታችን፣ ሁሉም እንደ አንቺ መንገድ ተዘግቶባቸው ነው የተቀመጡት። ድምፅ ቀድተሽ ላኪላቸው፤ እነሱም የእነሱን ይላኩልሽ። የሻምቡው ልጅ የፊንጫን ግድብ ያሳይሽ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ሲገደብ የጮመን ረግረግ ሐይቅ ሆነ። የሆሮን ላሞችም ያሳይሽ፤ በአገሩ ስም የሚጠራ የከብት ዝርያ ያለው ወረዳ ስንት አለ? የደምቢ ዶሎዋ ስለ ነጋሶ ጊዳዳ ትጠይቅልሽ፤ የአገር ፕሬዚዳንት የሆነ ሰው ልጅ ሆኖ የሮጠበት ሰፈር የት እንደሆነ የሚያሳይ ሽማግሌ አይጠፋም። አክስታችን ግን አስቸጋሪ ናት፣ እሷንም እንደ አንቺ አውቃታለሁ። "ጊምቢ ደግሞ ምን አለ ብለሽ ነው?" ካለችሽ አትከራከሪያት፤ ለእኔ አገናኚኝ።